ወይዘሮ ጸሐይነሽን በሕይወት ሳሉ ለቀበሩልኝ ዋና አዘጋጅ

ለክቡር አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ከተማ
የ«ሰባቱ ኮረብቶች» መጽሔት ዋና አዘጋጅ
ናካዋ፣ ካምፓላ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የዝግጅት ክፍልዎ ባልደረቦችም እንዴት ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን አጥብቄ የምጠይቀው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ መጽሔትዎ ጤነኛ ሰው ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በቅርብ ስላየሁ ነው። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ወይዘሮ ጸሐይነሽም ደህና ናቸው። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

አለምዘውድ ኪሩ እባላለሁ። የምኖረው ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ በከፊል፣ የጎረቤት የውሃ ታንከር ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሚታይበት አንድ ክፍል ቤት ነው። አምስት ዓመት ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ስጽፍ ኖሬ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ፍሪላንስ ጸሐፊ ሆንኩ። ፍሪላንስ ጸሐፊ ማለት፣ እርስዎ ከላይ ሆነው ስለማይታይዎት ነው የምገልጸው፣ ጠዋት ቴሌግራም ከፍቶ «ለጸሐፊዎች ክፍያ ያለው ዕድል» የሚል ማስታወቂያ የሚያድን፣ ከሰዓት ለአዘጋጆች የጽሑፍ ሐሳብ የሚልክ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ መልስ አለመምጣቱን የሚያረጋግጥ ሰው ማለት ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ ውስጡ ሲገባ ክፍያው «ልምድ» ነው፤ አንዳንዱ «ዕውቅና» ነው፤ አንዱማ ከፋዩ ጸሐፊው ራሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የእርስዎ ግን «ተመጣጣኝ ክፍያ እንከፍላለን» ይል ነበር። ከምን ጋር እንደሚመጣጠን ባይገልጽም፣ እኔ ደስ ብሎኝ ለራሴ አንድ ሮሌክስ፣ ማለትም በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ገዛሁ፤ እንቁላሉም ድርብ ነበር።

ስለሆነም ምስጋናዬን እንዳይደበላለቅብኝ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ስለ «የአቀራረብ መመሪያዎ» አመሰግናለሁ። ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። የፊደሉን መጠን፣ የኅዳጉን ስፋት፣ የኢሜይሉን ርዕስ አጻጻፍ፣ ሐሳቡ ለዘጠና ቀን ለሌላ እንደማይላክ የሚገባውን ቃል ሁሉ በዝርዝር ይደነግጋል። የባለታሪኩን ሙሉ ስምና ፎቶግራፍ ያላያያዘ ሐሳብ እንደማይታይም በደማቅ ጽሑፍ ያስጠነቅቃል። ስለ ክፍያው ደግሞ አንድ ቃል አለው፤ «በስምምነት»። ከማን ጋር እንደምስማማ ለማወቅ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ትሕትናዋ የማይጠገበው ጸሐፊዎ ወይዘሪት መቅዲ ሦስቱንም ጊዜ «አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሐሳቡ ጥሩ ከሆነ ግን ክፍያው ራሱ ይመጣል» ብላኛለች። ክፍያ ራሱ ቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ተሳፍሮ ሙቱንጎ ሲወጣ እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛ፤ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ፤ ብዙ አዘጋጅ አይመልስም። ነገር ግን መልሱን ከመንገሬ በፊት የላክሁልዎትን ሐሳብ ለሌሎች አንባቢዎች ማስረዳት አለብኝ፤ እርስዎ በሚገባ ያውቁታልና ይታገሡኝ።

እኔ በምኖርበት ግቢ ወይዘሮ ጸሐይነሽ የሚባሉ የስልሳ አንድ ዓመት ሴት አሉ፤ እኔ እትዬ ጸሐይነሽ ነው የምላቸው። ካምፓላ የመጡት ከባለቤታቸው ጋር ነው። ባለቤታቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሞቱ ትተውላቸው የሄዱት አንድ ሞተር ሳይክል ብቻ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ሽጪው» አላቸው። እሳቸው ግን ሉዚራ ሜዳ ላይ አንድ ወር ሙሉ እየወደቁ ተማሩና ቦዳ ሹፌር ሆኑ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው፣ ሄልሜት ደፍተው፣ ከሙቱንጎ ናጉሩ ተማሪ ያደርሳሉ፤ ከናካዋ ገበያ ሴት ከነማቶኬ ሙዟ ይመልሳሉ። ሞተሮቹ ተራ በሚይዙበት ስቴጅ ያሉት ወንዶች መጀመሪያ ስቀውባቸው ነበር፤ ዛሬ «ጃጃ» እያሉ ተራ ይለቁላቸዋል። ጃጃ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው።

ታሪካቸውን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ከኋላቸው ተፈናጥጬ ዞርኩ፤ የጂንጃ ሮድን መኪና እየሰነጠቁ ሲያልፉ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። የፈቀዱልኝ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ብሩህ ይባላል፣ አዲስ አበባ ኢንሹራንስ ውስጥ ይሠራል፤ እናቱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ጨርቅ የምትሸጥ ይመስለዋል። «እንዳይጨነቅ ብዬ ነው» አሉኝ፤ «ስሜን ቀይሪ፣ ፊቴን አታሳዪ። የቀረውን እንደፈለግሽ»። ቃል ሰጠኋቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ስማቸውንና ፎቷቸውን ለእርስዎ የላክሁት እኔ ነኝ። መመሪያው ያስገድዳል ብዬ፣ ክፍያውም አጓጉቶኝ፣ «ልጃቸው ስለማያውቅ በሕትመት ላይ ስም ይቀየራል፣ ፎቶ አይወጣም» የሚል ማሳሰቢያ አስምሬበት ላክሁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የእርስዎ መልስ ደረሰኝ፤ «ሐሳብዎ ግሩም ነው፤ ይሁን እንጂ በአሁኑ ወቅት ከመጽሔታችን አቅጣጫ ጋር አብሮ አይሄድም። በርቱ»። በርትቼ ነበር።

ሦስተኛ፤ ከዚያ በኋላ በዐሥራ አንደኛው ቀን የመጽሔትዎ አቅጣጫ ድንገት ስለዞረ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ማምሻውን ታሪኩ በድረ ገጽዎ ወጣ። ጸሐፊው «የዝግጅት ክፍሉ» ይላል። ስማቸው ከነአባታቸው አለ። ፎቷቸው አለ። የእኔ ዐረፍተ ነገሮችም በብዛት አሉ፤ አንዷ ብቻ ትንሽ ተነክታለች። እኔ «ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሞተሩን ተረክበው መንዳት ጀመሩ» ብዬ ነበር። የዝግጅት ክፍልዎ ሲያሳጥራት ባልየው ወጡና ሞት ብቻውን ቀረ። ርዕሱም «ሞተር እየነዱ ያለፉት ጃጃ» ሆነ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ነፍስ ይማር» ተጨመረ፤ በነጻ።

እኔ አላየሁትም ነበር። ዓርብ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሦስት ሴቶች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። «የት ነው የተቀመጠችው?» አሉኝ። «ማን?» ስል ስልኩን አሳዩኝ። የራሴን ዐረፍተ ነገር ሰው አልቅሶበት ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስጀምር የተመኘሁት ግን እንዲህ አልነበረም። «ኧረ አልሞቱም! ጠዋት ሞተራቸውን ሲያስነሱ ሰምቻለሁ» ብል ማን ይመነኝ። ስልካቸው ከማክሰኞ ጀምሮ ናካዋ ጥገና ላይ ነው፤ ደውዬ አላሰማቸው ነገር። ስቴጁ ድረስ ሮጬ ጠየቅሁ፤ ናጉሩ ተማሪ አድርሰው ከዚያ ሌላ ሰው ይዘው ሄደዋል፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስመለስ ግቢው ውስጥ ዐሥር ሰው ተቀምጧል፤ አከራያችን እንኳን ነገሩ ሳይገባቸው የፕላስቲክ ወንበር እያወጡ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ታክሲ ቆመ። አንድ ወጣት በሸሚዝ ብቻ፣ ያለ ሻንጣ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። ማንነቱን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አፍንጫው የእናቱ ነው። የሥራ ባልደረባው ሐሙስ ማታ ሊንኩን ልኮለት፣ ሲደውል ስልካቸው ዝግ ሆኖበት፣ በጠዋቱ በረራ ነው የመጣው። ሴቶቹ ሲያዩት ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ወደ እሱ ሄጄ እጁን ልይዘው ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው? «እንኳን ደህና መጣህ፣ እናትህን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ግን አልሞቱም»?

ይህን ለራሴ ስል ነው የሞተር ድምፅ ዳገቱን ሲወጣ የሰማሁት። ወይዘሮ ጸሐይነሽ በሩን በፊት ጎማ ገፋ አድርገው ገቡ። ሞተሩን አቆሙ። ሕዝቡን አዩ። ሄልሜታቸውን እንኳን ሳያወልቁ፣

«እኔን! ማን ሞተ?» አሉ።

ብሩህ ተነሥቶ ሄደ፣ ከነሄልሜታቸው አቀፋቸው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸውም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጀርባውን ይመቱለት ጀመር። ከዚያ ድንገት ለቀቃቸውና ሞተሩን አየ።

«እማዬ፣ የሞተሩ ነገር እውነት ነው? ሱቅ ነው የምሠራው አላልሽኝም?»

«አንተስ ለፋሲካ እመጣለሁ አላልከኝም? የትኛው ፋሲካ እንደሆነ እንኳን አልነገርከኝም» አሉት። «ስድስት ዓመት ስጠራህ አልመጣህም። አንድ ቀን ብሞት ይኸው መጣህ።»

ከሴቶቹ አንዷ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ በመጨረሻ ግቢው በሙሉ። ለለቅሶ የመጣው ምግብ ተበላ። ሳልበላ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማታውኑ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ገዳይዋ አንቺ አይደለሽም» አሉኝ፤ «ስሜን አሳልፈሽ የሰጠሽው ግን አንቺ ነሽ»። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ዐሥራ አንድ ገጽ መመሪያ ከነደማቁ ጽሑፍ አንብቤ የተማርኩት፣ ከእነዚያ ሁለት ቀናት የተማርኩትን ሩቡን አያህልም።

አራተኛ፤ ስለ ማስተካከያዎ አመሰግናለሁ። ዓርብ ከሰዓት ደውዬ ወይዘሪት መቅዲ «አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ «ሟቿም ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ናቸው» ብያት ነበር። በአራተኛው ቀን ከገጹ ግርጌ እንዲህ የምትል መስመር አየሁ፤ «በጽሑፉ አልፈዋል የተባሉት ግለሰብ በአሁኑ ሰዓት በሕይወት እንደሚገኙ ተነግሮናል»። በአሁኑ ሰዓት! ለነገ መውጫ ቀዳዳ መተውዎ አዘጋጅነትዎን ያሳያል። ጽሑፉ የማን እንደነበረ ግን የነገረዎት ያለ አይመስልም።

አምስተኛ ምስጋና ነበረኝ፤ ቅሬታ ስለሚመስል ትቼዋለሁ። ይልቅ የሆነውን ልንገርዎት።

ብሩህ ዘጠኝ ቀን ቆየ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት «ሽጪው» ሲል ዋለ፤ እናቱ ሳህን እያጠቡ «እሺ» ይሉትና በማግስቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥተው ይሄዳሉ። በአምስተኛው ቀን ጥገና ላይ ያለውን ስልክ ለማምጣት ከኋላቸው ተቀምጦ ናካዋ ወረደ። ሲመለስ ፊቱ ነጭ ሆኗል፤ ግን እየሳቀ ነበር። «ፖሊሱ እኮ ሰላም አላት! ሁሉም ያውቃታል» አለኝ። ሲሄድ ቃል ያስገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዝናብ እንዳይነዱ። ለገና እንደሚመጣም ተናግሯል፤ እናቱ የትኛው ገና እንደሆነ በጽሑፍ አስፈርመውታል።

እሱ ከሄደ በኋላ እትዬ ጸሐይነሽ በሬን አንኳኩ። «ያንን ጽሑፍ ጨርሺው» አሉኝ። «በስምዎ?» ስላቸው፣ «ሞቴን ሰው ሁሉ ካነበበው መኖሬንም ያንብበው» አሉ። ስለዚህ ሁሉንም፣ ለቅሶውንም ጨምሬ፣ ጻፍኩት። የላክሁት ለትልልቅ መጽሔቶች አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ ለሞተር ሳይክል ነጂዎችና ለመለዋወጫ ነጋዴዎች የሚታተም አንድ ጋዜጣ አለ፤ ግማሹ ስለ ጎማ ነው። አዘጋጁ በማግስቱ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ፤ አንደኛው «ባለታሪኳ ጽሑፉን አይተው ፈቅደዋል?» የሚል ነበር። ከጥያቄዎቹ በታች የክፍያው መጠንና የሚከፈልበት ቀን ተጽፏል። ዕውቅናን በተመለከተ ምንም አላለም። ለሚቀጥለው ወርም ሐሳብ እንድልክ ጠይቆኛል። መመሪያው አራት መስመር ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ለአገር ልጅ ጸሐፊዎች በዘረጉት ሰፊ ዕድል ውስጥ ገብቼ፣ በብዙ ትምህርትና በትንሽ ሐዘን የወጣሁ፣ ስብሰባዎ በሰላም እንዲጠናቀቅ፣ ከስብሰባ መልስም ረጅም ዕድሜና የተጣራ ዜና እንዲገጥምዎ ዘወትር የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
አለምዘውድ ኪሩ
ሙቱንጎ፣ ካምፓላ

ማስታወሻ፦ የናይሮቢው ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ትናንት ከቢሮዎ የተላከልኝ መልእክት ደርሶኛል። «ልብ የሚነካውን የእናትና ልጅ መገናኘት» ለመጽሔትዎ እንድጽፍ፣ ከወይዘሮ ጸሐይነሽም ጋር ልዩ ቃለ መጠይቅ እንዳመቻች ይጠይቃል፤ ስለ ክፍያው «እንነጋገራለን» ይላል። መልእክቱን አንድ ቃል ሳላስቀር አነበብኩላቸው። ሞተራቸውን እያስነሱ «ሞታለች በይው» ብለውኛል።