ለእንድሪስ ያልደረሰው ጥሪ

ዓርብ
እንደገና ወደቀ። ከጁምዓ ሶላት በፊት ደህና ነበር። ሰው ከመስጊድ ሲወጣ የአትክልት ትዕዛዝ የምንቀበልበትን ሰርቨር ሞቶ አገኘሁት። ሳስነሳው ይነሳል፤ የኮምቦልቻ ሆቴሎች ያዘዙት አትክልት ግን ተንጠልጥሎ ቀረ።

አጎቴ ሐጂ ይማም ደሴ ፒያሳ ካለው የአትክልት ሱቃቸው እያለከለኩ ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍሌ ወጡ። «ዘምዘም፣ ይኼ ማሽንሽ ሰልሟል እንዴ? ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሥራ ያቆማል!» ሳቁ። ከዚያ መሳቁን ተዉት። በሚቀጥለው ዓርብም ከወደቀ እሳቸው እንደ ድሮው በስልክ ወደ መጮህ፣ እኔ ታች ወርጄ ሽንኩርት ወደ መምረጥ እንመለሳለን። ወላሂ ብለው ማሉ።

ቅዳሜ
ገባኝ። ትዕዛዝ ሲመጣ ሰርቨሩ ለሾፌራችን ለእንድሪስ ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፄ ምን የት እንደሚያደርስ ይነግረዋል። የጻፍኩት ኮድ ጥሪውን ይለቅና መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል። እንድሪስ መስጊድ ሲገባ ስልኩን ያጠፋል። ጥሪው ስህተት ሆኖ ይመለሳል። የሚቀበለው የለም። ተቀባይ ያጣ አንድ ስህተት ሰርቨሩን በሙሉ ይዞት ይወድቃል።

አፈርኩ። ደሴ ተወልጄ ጁምዓን ረሳሁ።

መፍትሔ፦ ስህተት ሁሉ ይያዝ፣ ዝም ይባል። አንድ መስመር ብቻ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኞ
አልወደቀም። ቀኑን ሙሉ ኩራት።

ማታ ሰማሁ። እንድሪስ ቻርጅ ጨርሶ ነበር። ጥሪው ስህተት ሆኖ ሲመለስ ኮዴ ያዘው፣ ዋጠው፣ ለማንም አልተነፈሰም። ኮምቦልቻ ያለው ሆቴል ሠርግ ነበረበት፤ ያለ ሰላጣ ደገሰ።

አጎቴ፦ «ኧረ መውደቁ ይሻለኝ ነበር! ሲወድቅ ቢያንስ አውቃለሁ።»

እኔም እንደ ማሽኑ ነኝ። የከፋኝን ውጬ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ኮዴ እኔን መስሏል።

ረቡዕ
እንደገና ጻፍኩት። የጥሪው ውጤት ይጠበቃል። ስህተት ከሆነ ትዕዛዙ ወረፋ ይይዛል፣ ቆይቶ እንደገና ይደወላል። ለኃላፊም ወዲያው ይነገራል። ኃላፊው ማነው? አጎቴ። ቁጥራቸውን አስገባሁ።

ለሙከራ እንድሪስን ስልኩን ሳስጠፋው፣ ሳስበራው ዋልኩ። «አምፖል አደረግሽኝ እኮ፣ እህቴ!» አለ።

ዓርብ
ሰው መስጊድ ገባ። ትዕዛዝ መጣ። የእንድሪስ ስልክ ዝግ። ስህተቱ ተመለሰ፣ ኮዱ ተቀበለው፣ ትዕዛዙ ወረፋ ያዘ። ሰርቨሩ አልወደቀም! ወዲያው ለኃላፊው ደወለ።

ኃላፊው መስጊድ ውስጥ፣ ፊተኛው ሰልፍ ላይ ነበሩ። ስልካቸውን ማጥፋት ረስተዋል። የስልካቸው ጥሪ መንዙማ ነው፣ ከነድቤው። ኢማሙ የጁምዓውን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ አቋረጡ። ይህን ሁሉ የነገረኝ እንድሪስ ነው፣ ሳቅ እየተናነቀው። ከሶላት ወጥቶ ስልኩን ሲያበራ ጥሪው ደርሶት፣ ጎመኑን ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሊነሳ ነበር።

ቆይቶ የአጎቴን እርምጃ ደረጃው ላይ ሰማሁ። ተነስቼ ቆምኩ።

«ጎመኑ ደርሷል» አሉ።

ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ሥራሽን ቀጥዪ። ስህተቱን ግን ከእንግዲህ ለራስሽ አስደውዪው። ያ ሁሉ ጀመዓ ዞሮ አየኝ!»

የእሳቸውን ቁጥር አውጥቼ የራሴን አስገባሁ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አፈጠጥኩበት። ጮኸ። አፈፍ አደረግሁት።

እናቴ ናት። «ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ፣ አትመጪም?»

ተነሳሁ። ስልኩን ግን በእጄ ይዤ።