የልጅሽ አርባ ሦስት

ይድረስ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት አስቻለሽ? እኔ፣ አንቺ መጠየቅ ከተውሽ ዓመት ሊሞላሽ ቢሆንም፣ ደህና ነኝ። ዛሬማ ደስታው መሬት አላስረግጥ ብሎኛል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ውጤት ወጣ፤ ልጅሽ በሒሳብ ሰማንያ አንድ አመጣች! ከእኔ በፊት እንደሰማሽ አውቃለሁ፤ ግን በእጄ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ቂሜንም ልናገር። አምና ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምራት አርባ ሦስት ብሰጣት አስተማሪዎች ቢሮ ድረስ መጥተሽ፣ ሰው ሁሉ ዘጠና ሲያድል የእህትሽን ልጅ የምትጥይው አንቺ ማነሽ አልሽኝ። ርዕሰ መምህሩም ጠርተው ወላጅ እንዳይከፋብን ሰባ አምስት አድርጊያት አሉ። አልቀይርም አልኩ። ክረምቱ ሳያልቅ የሥራ ውሌ ሳይታደስ ቀረ።

ትእዛዙ ለሁላችንም ነበር፤ የውጤት መዝገቡ፣ ሮስተሩ ላይ፣ ከሰባ አምስት በታች እንዳይታይ። ጸሐፊዋ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ናት፤ ባዶ ቦታ ባገኘች ቁጥር ሰባ አምስት ሞላችበት። የመዝጊያው ዕለት ምስክር ወረቀት ሲታደል፣ ዓመቱ ሲጀመር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች ልጅ ተጠራች! ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ፤ አንቺም አጨብጭበሻል፣ አይቼሻለሁ። ሦስት ጊዜ ተጠርታ ስትጠፋ ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አሟት ነው አሉ። ወደ ስምንተኛ ቢያልፉም፣ ከወንበራቸው ያልተነሱት በሒሳብ እኔ የጣልኳቸው አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። ልጅሽ አንገቷን ስትደፋ እኔም ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

እስከ ዛሬ የደበቅኩሽን ልንገርሽ። አባባ ግድግዳ ላይ የሰቀለው የእኔ የሒሳብ ዘጠና ሦስት የውሸት ነበር። አስተማሪዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቅስሟ አይሰበር ብሎ የጨመረልኝ ነው። ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያውን ፈተና ወረቀት ስገልጥ አንድም ጥያቄ አላውቅም። ታምሜ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ቤት ስተኛ ሾርባ እያቀረብሽ ያስታመምሽው ያን ውሸት ነው። ይቅር በይኝ።

አሁን ያለሁበት የመንግሥት ትምህርት ቤትም ከዚህ ንጹሕ ነው አልልሽም፤ የቡድን ሥራ እየተባለ ከመቶው ሠላሳው በነጻ ይታደላል። አንዷ ባልደረባዬ እስከ መቼ ነው ብቻሽን የምትደርቂው ብላኛለች።

ዛሬ ግን እኔም ቀን ወጣልኝ! ከዚያ ክፍል ዘጠና ስምንት ይታደላቸው ከነበሩት ግማሾቹ ሃምሳን አልተሻገሩም። ርዕሰ መምህሩ ፈተናው ከብዶ ነው ይላሉ አሉ። ለልጆቹ ከልቤ አዝኛለሁ፤ የተታለሉት እነሱ ናቸው። ያንቺ ልጅ ግን ማንም ሽራፊ ያልጨመረላትን ሰማንያ አንድ ይዛ ከሁሉም በላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ምን ነካት እስኪል ጮኽኩ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቮሊቦል ልምምድ አለኝ እያለች ቅዳሜ ቅዳሜ ስትወጣብሽ የከረመችውን ልጅ እንዳትቆጪያት። ኳስ መምታት ዛሬም አታውቅም፤ ክፍልፋይ ላይ ግን እኔን አስተማሪዋን ማረም ጀምራለች። የፊታችን ቅዳሜ አንቺም አብረሻት እኔ ጋ ነይ፤ መንገዱን እሷ ታሳይሻለች።

ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አንቺንም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

ታናሽ እህትሽ