ያላጨበጨብኩለት ቤት

ሐሙስ

አልፈርምም። ተፈራ ደጋግሞ ደወለ፤ ደጋግሜ ይህንኑ ነገርኩት።

እኛ የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች እዚህ ኦስሎ ማኅበር አለን። ችግረኛ ተማሪዎችን ስለምንረዳ፣ ለማኅበሩ የሚሰጥ ሰው ከኖርዌይ ግብሩ ላይ ይቀነስለታል። ሊቀ መንበሩ ተፈራ አሁን በዚሁ በር ሌላ ነገር ሊያስገባ ነው። በተማሪነታችን «ወንድማማቾች» የምንለው ክበብ ነበረን፤ ዛሬም አለ። ለክበቡ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ቤት ይሠራለት ይላል። መኝታ፣ ሳሎን፣ ቢሊያርዶ። አባል ያልሆነ አይገባም። ሴት ተማሪማ ጭራሽ።

«የምንልከው ለኮሌጁ ነው፤ ኮሌጁ ለፈለገው ያውለው» ይላል። የማኅበሩ ኦዲተር እኔ ነኝ። የክበብ ሳሎን የሚሠራበትን ብር ለችግረኛ ተማሪ ዋለ ብዬ አልፈርምም። ከታወቀ የግብር ቅናሽ ፈቃዳችንን እናጣለን። የሚጎዱት የምናስተምራቸው ልጆች ናቸው፤ ተፈራ አይደለም።

እኔም የክበቡ አባል ነበርኩ። ይበልጥ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ዓርብ

ማዮርስቱን ሰፈር ካለው ቢሮዬ በባቡር ስመለስ፣ በሐሳብ ከተፈራ ጋር ስከራከር መውረጃዬን ሃውገንስቱዋን አልፌ ወረድኩ። በእግሬ ተመለስኩ። ዝናብ።

መልእክት ልኮልኛል፦ «ከኖርዌጂያኖቹ በላይ ኖርዌጂያን ሆንክብን።»

«አገር ቤትም እንዲሁ ነበርኩ» ብዬ መለስኩለት።

ባለቤቴ ሰብለ አነበበችው። «ለአንድ ሳሎን ብለህ ሚዜህን ልታጣ ነው?»

«ለሳሎን ብሎ እኔን የሚያጣኝ እሱ ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በሠርጌ ቀን ክራባቴን ያሰረልኝ ተፈራ ነው።

ቅዳሜ

ሽማግሌ ላከብኝ። ለግብር ጉዳይ ሽማግሌ።

የማኅበሩ ትልቅ ሰው ጋሽ መኮንን ናቸው የመጡት። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ አንድ ፊርማ ናት» አሉ።

«እርስዎ ይፈርሙልኛ፣ ጋሽ መኮንን።»

«እኔ ምኑን አውቄው?»

«ታዲያ የሚያውቀውን ሰው ለምን ያስገድዱታል?»

ሰብለ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ልክ ነበረች፤ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ወይ ቤቱ ለማንኛውም ተማሪ ይከፈት፣ ለሴቶቹም ጭምር። ወይ የፈለገ ከኪሱ ይስጥ፣ ግብሩንም ሳያስቀንስ ይክፈል። ከሁለቱ ውጪ የለም።

ሲወጡ ጫማቸውን እያሰሩ «ቢሊያርዶም አለው ነው ያልከኝ?» አሉ።

«አለው።»

«እሱን እንኳ አልነገረኝም።»

እሑድ

የማኅበሩ ስብሰባ ጋምለ ኦስሎ ሰፈር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ባከራየን አዳራሽ ነበር።

እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር የሚጸድቀው በጭብጨባ ነው። ማን እንዳጨበጨበ ማንም አያይም፤ ነገ ማንም አይጠየቅም። ተፈራ ስለ ወንድማማችነት ተናገረ፤ ንግግር ያምርበታል። «በጭብጨባ እናጽድቀው» አለ። አዳራሹ አስተጋባ። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ተነሣሁ። «ብሩ ለችግረኛ ተማሪ ነው ብሎ ከእኔ ጋር የሚፈርም እጁን ያውጣ።»

«አጨብጭበናል እኮ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ያንኑ ያጨበጨብክበትን እጅ አውጣዋ።»

 ጋሽ መኮንን እጃቸውን ሲያነሡ ሊፈርሙ መሰለኝ። ለካስ ለመጠየቅ ነው። «የእህቴ ልጅ እዚያው ኮሌጅ ናት። የምትሠሩት ቤት መግባት ትችላለች?»

ተፈራ አጠገቡ ያሉትን አየ። «ያው… በእንግድነት።»

«ናይ» አሉ ጋሽ መኮንን፤ «አይሆንም»ን በኖርዌጂያን ቁርጥ አድርገው። ተቀመጡ።

እጅ ያወጡት ተፈራ አጠገብ የተቀመጡት ብቻ ነበሩ። ሐሳቡ ወደቀ። ለመውደቁ ማንም አላጨበጨበም። ተፈራ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ሰኞ

አልቆጨኝም። ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ግን ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር።

በምሳ ሰዓት ደወለ። ሰላምታ የለም።

«ለቤቱ አንተ ሰባራ ሳንቲም አትሰጥም ማለት ነው?»

«እሰጣለሁ። ከግብሬ ሳላስቀንስ።»

 ከዚያ «ሴቶቹ ከገቡ ቢሊያርዶው የት ሊሆን ነው?» አለ።

«እዚያው። እነሱም ይጫወቱበታል።»

«ደረቅ» አለኝና ዘጋው።

ኮሌጅ እያለን የሚጠራኝ በዚህ ስም ነበር። ተናዶ ይሁን ታርቆኝ፣ እስካሁን አላወቅኩም።