«ልጄ» ያላት ሰው

ሰኞ፣ ማርች 7፣ 2016
ጾም ገባ። ሆቴሉ ሞልቶ አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። 15 ቁጥር አውቶብስ ላይ ግን ወንበር አገኘሁና ከልቦለዴ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ባለታሪኳ ነበልባል ቤተ መንግሥት ገባች! የንጉሡ ዲቃላ ናትና በጓሮ በር ነው ያስገቧት። አስማተኛው መብራት የሚበራው ንጉሡ «ልጄ» ያለው ሰው ሲነካው ብቻ ነው ይባላል። እሷን አንድም ቀን ብሏት አያውቅም። ያሳደጋት አንድ አንጥረኛ ነው።
መጨረሻው ላይ ንጉሡ «ልጄ» ይላታል። ማለት አለበት...

ማርች 19
ሔለን ከከተማው ዳር፣ ከሊትልተን ደወለች። «አባዬ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው። አንቺም ትመጫለሽ፣ ኖ ኤክስኪዩዝ!»
አባዬ ያለችው የኔም አባት ነው። እሷ በሰርግ፣ እኔ በጓሮ በር። ግን እወዳታለሁ፤ እሷ ምን አጠፋች? ፌስቡክ ላይ ፈልጋ ያገኘችኝ ራሷ ናት።
አታሚው ለሽፋኑ ስም ላኪ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ውድነሽ ማን? ትምህርት ቤት የገባሁት በእናቴ አባት ስም ነው፤ በእንዳልክ። አባቴ ሰው ፊት «ልጄ» ካሉኝ ግን መጽሐፉ በስማቸው ይወጣል። አታሚው እስከ ፋሲካ ይጠብቅ።

ማርች 30
ምሳ ሰዓት የሥራ ባልደረባዬ መዓዛ ምዕራፉን አነበበች። ሽሮዋን ትታ!
«ሁሉንም እንደየልኩ ጽፈሻል። ይሄን ንጉሥ ግን ታቆላምጪዋለሽ። ምን አደረገልሽ?»
ተናደድኩባት። ልክ ስለሆነች።

ሰኞ፣ ሜይ 2
ትናንት ሊትልተን ዋልኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሼ። አባቴ አርጅተዋል። ጉንጬን ሳሙኝ፣ እንደ እንግዳ። ሔለን «አባዬ፣ ቁጭ በል» ትላቸዋለች። እኔ አንቱ እላለሁ። አያቴን እንኳ አንተ ነበር የምለው።
ዶሮው ሲቀርብ የሔለን ባል አባት ጋሽ ወልደየስ «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ። አባቴን አየሁ። እሳቸው ብርጭቋቸውን አዩና «የጎረቤታችን ልጅ ናት» አሉ።
የጎረቤት! ሔለን ክው አለች። እኔ አያቴ ትዝ አለኝ። ሊያስመዘግበኝ የወሰደኝ ቀን፣ ጸሐፊዋ የማን ልጅ ናት ስትል፣ እጁን አናቴ ላይ አድርጎ ሳያስጨርሳት «ልጄ ናት» ያላት።
«የእንዳልክ ልጅ ነኝ» አልኩ ጮክ ብዬ። ዶሮዬንም በላሁ። ምን በወጣኝ ጦሜን እውላለሁ?

ሜይ 8
መጨረሻውን ቀደድኩት። ንጉሡ አይላትም። አዳራሹ መሃል «አይዞሽ ልጄ፣ ንኪው» የሚላት አንጥረኛው ነው፣ እጁ ከሰል እንደነካው። መብራቱ ቦግ አለ! «ንጉሡ ካላለ አይበራም» ብለው ያወሩት የንጉሡ ሰዎች ናቸው፤ መብራቱ ግን አያውቃቸውም።
መዓዛ አንብባ አለቀሰች፣ ባጠፍኩት አንሶላ ላይ። ለአታሚው ስሙን ላክሁ። ውድነሽ እንዳልክ።

ጁላይ 16
መጽሐፉ መጣ! ኮልፋክስ ጎዳና ያለው የሐበሻ ግሮሰሪ ከበርበሬው አጠገብ ደርድሮልኛል። በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ይሽተት።
ጠዋት አባቴ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ሔለን ነግራቸው ኖሯል።
«ኮራሁብሽ፣ ልጄ» አሉ።
ልጄ... ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኳት ቃል።
«ሁለተኛው ሲወጣ እንግዲህ በእኔ ስም ይሁን።»
«ቦታው ሰው ይዞታል፣ ጋሼ» አልኳቸው።
ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።