የተረከዝሽ ነገር

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የላቦራቶሪው ጣሪያ ተጠግኗል። ያደግሽበት ብልቃጥም ስምሽን ስጠራ አሁንም ያንጎራጉራል። አክስትሽ «መንትያሽ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ታበሽቀኛለች።

ከአንድ የሰውነቴ ሴል ያበቀልኩሽ ግልባጬ ስለሆንሽ፣ ጫማሽን ሁሌም በራሴ እግር ለክቼ ነበር የምገዛልሽ። ሰሞኑን የኔው ውሃ ቢያስገባ፣ አንቺ ትተሽው የሄድሽውን አጠለቅኩ። ልክክ አለልኝ፤ ግን ደጃፉን ሳልሻገር እግሬን ወለም አለኝ። ገልብጬ ሳየው፣ የኔ ጫማ ተረከዝ በውስጥ በኩል ሲያልቅ ያንቺ በውጭ በኩል ነው ያለቀው። ይህን አረማመድ እኔ አልሰጠሁሽም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ብርዱ ሳይገባ ጫማ ልልክልሽ ነው። የሚመችሽን ግን አንቺው ጻፊልኝ፤ እኔ አላውቅም። በራስሽ አረማመድ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ።

እናትሽ