ጨው የተጠቀለለበት አውራ ጣቴ

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ አስረሳሽ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የሙሀመድሰይድ ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን ከእርስዎ እጅ ስለተቀበለች፣ ጽሕፈቷ ካላማረ ወቀሳው ወደዚያው ይመለሳል።

ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ ጌታሁን፤ ቆቦ።

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ማኅተምዎ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ያጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የማስለጥፈው፣ ለእርስዎ ብቻ ብልከው የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ እንዳይቀር ፈርቼ ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እንደሚያውቁት ከዋጃና ከጎብዬ ለገበያ የሚመጡ ባለግመሎችን በግቢዬ ሳሳድር ሃያ ዓመት አልፎኛል። ማን እንዳደረ፣ ምን እንደጫነ፣ ከማን እንደተጣላ በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። አምና ግን ነጋዴ ሁሉ ደንበኛውን ያስመዝግብ ብለው አዘዙና ጸሐፊዎን ጓድ ደምሴን ከነመዝገቡ ላኩልኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጸሐፊዎ ትዕግሥተኛ ሰው ስለሆነ አመሰግናለሁ። የጠየቀኝ ስምና አገር ብቻ ነበር። እኔ ግን የራያ ሰው ነኝ፤ እንግዳዬን ያለ አባቶቹ ማስጻፍ ነውር መስሎኝ የእያንዳንዱን ሰው ሰባት ቤት ቆጠርኩለት፤ ሚስቱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ግመሉን የት ውሃ እንደሚያጠጣ ሳይቀር። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ አልክድም። እሱም ሳይታክት ጻፈው። ወዲያው ከበደኝና ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል ብዬ ብጠይቀው፣ «አይዞዎት አባቴ፣ መንግሥት ጋ የገባ ነገር አይወጣም» አለኝ። አምኜው በአሥራ ሁለቱም ገጽ ግርጌ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጨዉ አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ባለቤቴ ኡሙሃኒ ከቀበሌው ሱቅ ጨው ገዝታ መጣች። ማንበብ አልችልም፤ ጣቴን ግን አውቃለሁ። የግመል ገመድ የሰነጠቀው ጠባሳዬ በመጠቅለያው ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አስረሳሽን ጠርቼ ባስነብባት አንድ የሮቢት ሰው ከነሰባት አባቱ ጨው ተሸክሞ ነበር። ጓድ ደምሴ ሲጠየቅ፣ አዲስ መዝገብ ስለመጣ አሮጌው ለሱቁ እንደተሰጠ፣ ወረቀት ማባከንም አብዮቱን መበደል እንደሆነ አስረዳኝ። የልብስ ሰፊው የታረቀኝ ደንበኞች መዝገብም እንዲሁ ሆኖ፣ የከተማው ሴቶች የወገብ ልክ በርበሬ ተጠቅልሎበት ሲዞር ሰንብቷል። እሱስ ያስቃል። የእኔው አያስቅም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ጨው መግዛት ሆነ። ኡሙሃኒ መጀመሪያ «አንተ ሰውዬ፣ ግመሎቹን ትተህ እኔን ጨው ልታስልሰኝ ነው?» እያለች ስቃብኝ ነበር፤ ምክንያቱን ስነግራት ሳቋ ቆመ። አሥራ አንድ ጣቶቼን አግኝቻለሁ። አንዱ ቀርቷል።

ሦስተኛው ስለዚያ ስለቀረው ነው። በዚያ ገጽ ላይ ደም ያለበት ሰው አለ። ነፍስ ያጠፋው እሱ አይደለም፤ ዘመዱ ነው፤ ሽማግሌ ገብቶበታል፣ እርቁ ግን ገና አልወረደም። ደመኞቹ መልኩን አያውቁትም፤ የሚያውቁት የአያቱን ስም ነው። ያንን ስም ደግሞ እኔ በገዛ አፌ አስጽፌያለሁ፤ የሚያጠጣበትን ውሃ ጨምሬ። ደመኞቹም ጨው ይበላሉ፤ ከዚያው ሱቅ። ድሮ ቢሆን ወረቀት ሜዳ ላይ ቢወድቅ የሚያነበው አልነበረም። እርስዎ ግን አገሩን ሁሉ ፊደል አስቆጠሩልን፤ ውለታዎ ብዙ ነው።

ለሰውየው ሁለት ጊዜ መልእክት ልኬያለሁ፤ መልስ የለም። ባለፈው ገበያም አልመጣም። ጣሊያንም ሽፍታም በፊቴ አልፈዋል፤ ያኔ በሬን አልዘጋሁም። አሁን ግን አንድ ገጽ ወረቀት ፈርቼ፣ በሬ በተንኳኳ ቁጥር ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልከፍትም። ነገሩን በይፋ ማውጣቴ ደመኞቹን ያነቃ ይሆን ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩበት። እኔ ዝም ብል ወረቀቱ ዝም አይልም። ቆቦ ሰሌዳ ላይ የተነበበ ግን በማግስቱ ዋጃ ይሰማል፤ ሰውየውም የትም ይሁን ሰምቶ ውሃውን ይቀይር።

ከእርስዎ የምለምነው ትንሽ ነው። ሱቁ በዚያ ወረቀት መጠቅለሉን ያቁም፤ የወሰደ ሁሉ እንዲመልስ በእሑዱ ስብሰባ ይንገሩልኝ፤ የተመለሰውም እኔ እያየሁ ይቃጠል። አዲሱን መዝገብ ሊያስሞላ ጓድ ደምሴ ነገ ይመጣል ተብያለሁ። በደስታ እቀበለዋለሁ፤ እንግዶቼንም «ሰው» እያልኩ አስጽፋለሁ። ሰው፣ ሰው፣ ሰው። ያሰሩኝ እንደሆነም፣ የእስር ቤቱ መዝገብ ከዚያኛው በተሻለ ይያዝ።

በአክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ በፍርሃት ቀና ማለት አቅቶኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ጣቱን የሚፈልገው፣

ሙሀመድሰይድ አሊ

እዚህ ላይ ጣቴን አላሳረፍኩም፤ እርስዎ ዘንድ በቂ አለልኝ።

የቀረ ቃል፦ ያ ገጽ የደረሰው እርስዎ ቤት ከሆነ፣ ጨዉን ይብሉት፤ ወረቀቱን ብቻ ይመልሱልኝ።

በይ አስረሳሽ፣ ከላይ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። የሰውየው ስም አንድ ቦታ አምልጦኝ እንደሆነ ልስማው።