«አይዞሽ» የተከለከለበት ወር

ጥር 4
በገዛ ቤቴ ሕግ ወጣብኝ! ያወጣችው የልጅ ልጄ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ «ፌንጣ» ነው የምላት። ዛሬ ግን ሆዷ ቀድሞ ወጥ ቤት ገባ፣ እሷ ተከተለች።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አይዞሽ የሚባል ነገር የለም።»

«ምን አደረገሽ?»

«ባለሱቁ አይዞሽ፣ ጎረቤቷ አይዞሽ፣ የመሥሪያ ቤቴ ዘበኛ አይዞሽ... ምን ቢያውቁ ነው? በሰማሁት ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል።»

ቃሉን የተናገረ ሰው፣ ለአንድ «አይዞሽ» የአንድ ቀን ዕቃ ያጥባል። ባሏ ወዲያው ተስማማ። እሱ ድሮም ቃል አያባክንም፣ ምን ቸገረው!

ጥር 7
አጠብኩ።

ጥር 8
ዛሬም። ድስቱ ደግሞ አሮ ነበር... ሆን ብላ ይሆን?

ጥር 13
የማዋለጃ ክፍሉን ልናይ ሄድን። አዋላጇ በሩን ከፈተች። ፌንጣ አልጋውን ስታይ ቀጥ አለች፣ አልገባም ብላ ተመለሰች። ቤት ስንደርስ ጫማዋን ፈታሁላት።

«አባባ... የምችለው አይመስለኝም።»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ታዲያ ምን ልበላት? ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ከመንዳት በቀር የማውቀው የለም። እሱኑ ነገርኳት። ዳገቱን በሙሉ አላይም፣ እስከሚቀጥለው ኩርባ ብቻ ነው የማየው። አንደኛ ማርሽ፣ ቀስ... ጫፉ ላይ ሲደረስ ቁልቁለት አለ፣ ሞተሩም ያርፋል።

«ቁልቁለቱ ላይ ምን ታደርግ ነበር?»

«ለተሳፋሪው ቀልድ እነግር ነበር።»

«ቀልድህማ ከዳገቱ ይብሳል!»

ሳቀች። ስንት ቀኗ ነበር!

ጥር 20
ማዋለጃ ክፍሉ በገዛ እግሯ ገባች! አልጋው ላይም ወጥታ ተንፍሳ አሳየች። ለአዋላጇ «ምጥ ሲመጣ ዳገት፣ ሲሄድ ቁልቁለት» ብላ አስረዳቻት። አዋላጇ ወደደችው። «ለሌሎቹም እነግራቸዋለሁ» አለች።

«መንጃ ፈቃድ ሳትይዢ?» አልኳት።

እዚህ ለራሴ ልጻፈው... የፌንጣ እናት ስትወለድ አልነበርኩም። ለሚስቴ «መኪና ተበላሸብኝ» ነበር ያልኳት። አልተበላሸም። ምጡን ፈርቼ የሚቀጥለው ከተማ ላይ አቁሜ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ነፍሷን ይማር፣ ሳልነግራት ሞተች። አሁንስ? ብሸሽስ? ደግሞ ደስታው እንቅልፍ ነስቶኛል... አንድ ሽማግሌ ሁለቱን እንዴት ይችላል?

ጥር 28
ፂሜን ግማሹን ላጭቼ ሳለ «አባባ፣ ተነሳን!» ብላ ጮኸች። በግማሽ ፂም ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ነጂውን ማርሽ ላስተምረው ቃጣኝ፣ ባሏ እጄን ያዘኝ።

ኮሪደሩ ላይ ለሦስት ወዲያ ወዲህ አልን። «ዳገት!» ስትል «አንደኛ ማርሽ!» እላለሁ። ሲያልፍ ቀልድ። አራቱን በደንብ ወጣን። አምስተኛው ግን... ግድግዳውን ተደግፋ አቃሰተች። ዓይኔ መውጫው በር ላይ አረፈ። አየችኝ። ላብ በላብ ሆና እጅጌዬን ጨመቀችና

«አይዞህ አባባ» አለችኝ።

እኔን! እሷ!

እግሬ መሬት ያዘ። ባሏን ይዛ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መውጫውን በር ሁለተኛ አላየሁትም። ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ቀጭን ጥሩንባ ተነፋ... ደረሱ!

የካቲት 1
ሴት ናት። ፊቷ ጭምድድ ያለ፣ ጥርስ የላት፣ ፀጉር የላት። ቁርጥ እኔን! ፌንጣ ግን «ስድብ ነው» አለች።

ለሚስቴ የዋሸሁትን ለፌንጣ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አሁንማ መጥተሃል» አለች። ሕፃኗን እቅፌ ላይ አደረገችልኝ። ወዲያው አለቀሰች፣ ሕፃኗ። እናቷ ጎንበስ ብላ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት...» ስትል ያዝኳት!

«ሁለቴ ብለሻል! ኮሪደሩ ላይ ካልሽው ጋር ሦስት። የሦስት ቀን ዕቃ!»

ሕግ ሕግ ነው። ይኸው እሷ ተኝታለች፣ እኔ ዕዳዋን ላጥብላት እጅጌዬን ሰብስቤያለሁ።